የቀይ ጤፉ ዋስ

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ጤፍ ዘር ታጠናለች። በየገበሬው ማሳ እየዞረች ስትጠይቅ፣ ስትለካ፣ ስትጽፍ ከረመች። አሁን ደግሞ ያገኘሁትን ለገበሬው መልሼ መንገር አለብኝ ብላ፣ ጅጋ ከተማ በገበያ ቀን ሕዝብ ሰብስባ ልትናገር ተሰናድታለች። ሰሞኑን ከፊቴ እየቆመች ትለማመዳለች። ሕዝቡ እኔ ነኝ፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እሰማታለሁ።

«እሜቴ፣ መጀመሪያ ምን ብል ይሻላል?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ዋስ ጥሪ።»

«ኧረ እሜቴ! የምን ዋስ? ጥናት እኮ ነው የማቀርበው፣ በሬ አልሸጥኩ!»

«በሬማ ቢሆን ይቀል ነበር» አልኳት።

ሳቀችብኝ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ሕዝብ ሰብስቦ ጥናቱን ሲናገር ያየሁት እናቷ ሳትወለድ መሆኑን አታውቅም። ያውም በጣሊያን ጊዜ፣ ያውም ቡሬ ገበያ ላይ። ንግግሩን መካከል ላይ ያስቆምኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍላት ወሰንኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካደረስኩ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ እንደ እሷ አይደለም፤ ነገሩ ግን እንዳየሁት ነው።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አግብቼ፣ ባሌን ትቼ፣ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ። ባሌ ምንም አላደረገኝም። አማቴ ናት ቅቤውን ለልጆቿ፣ ለእኔ አሬራውን የምትሰጠኝ። አንድ ቀን «ላሚቱን የሚያልባት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ቅቤውን ለልጆቿ ማደሏን ስትቀጥል ጋቢዬን አንስቼ ወጣሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ ስታየኝ «ለቅቤ ብለሽ ትዳር ፈታሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። «ለቅቤው አይደለም፣ ያለብኳት እኔ ስለሆንኩ ነው» አልኳት። እናቴ እስክትሞት ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንን ታወራ ነበር፤ እንግዳው ይስቃል፣ እኔ እኮራለሁ።

ቤታችን በቡሬና ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው፣ ያኔ ወጀት በምንለው አገር መካከል ነበር። አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞቹ ጋር ወጥቷል። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ አንድም ሰው አይናገረውም። ቡሬ ምሽግ ውስጥ የተቀመጠው የጣሊያን ሹም የማን ቤተሰብ እንደሆንን ቢሰማ እኛንም ቤታችንንም አያስተርፍም። እህላችንንማ ቀድሞ ጨርሶታል፤ በኅዳር አስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች፣ መጥተው የቀዬውን ክምር በሙሉ እሳት ለቀቁበት።

ከዚያ እሳት የተረፈን አንድ ቅል ቀይ ጤፍ ነው። እናቴ ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ የተቀበለችው ዘር ነው። ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ነው፤ ዝናብ ቢዘገይ፣ በሬ ቢጠፋ፣ ጦር ቢመጣ፣ ሐምሌ ሳያልቅ መሬት ከገባ አያሳፍርም። ሐምሌ ካለፈ ግን እሱም አይሆንም። ያን በጋ ጎረቤት ከጎታው ቆጥቦ በሰጠን በቆሎና ከወንዝ ዳር በለቀምነው ጎመን ከረምን እንጂ ቅሉን አልነካነውም። ርቦኝ ከምድጃው በላይ ወደተሰቀለው ቅል ቀና ስል እናቴ ካየችኝ «እሱ የሚቀጥለው ዓመት ነው፣ አትዪው» ትለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ሊቁ መጣ። ስሙን ስለማናውቅ ሊቁ ነበር የምንለው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በበቅሎ ላይ ተቀምጦ ጥላ የሚዘረጋ ጣሊያን ነው። ጠመንጃ አልያዘም። በኪሱ አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት አለው፤ አንዲት የጤፍ ፍሬ መዳፉ ላይ አድርጎ በመስታወቱ ሲያያት አንድ ሰው ጎመን ቀንጥሶ ይጨርሳል። በየቤቱ እየገባ ስለ ዘር ይጠይቃል፣ ይጽፋል። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፤ አፉ የሾለ፣ ሲናገር ኩታውን ወደ ኋላ የሚጥል፣ በየሸንጎው ሙግት ሲሰማ ያደገ።

እናቴን ግማሽ ቀን ሙሉ ጠየቋት። እሷም ነገረቻቸው፦ ዘር የሚመረጠው ከማሳው መካከል እንጂ ከዳሩ አለመሆኑን፣ ማሳው ጤፍ ከመዘራቱ በፊት በከብት እንደሚረገጥ፣ ቅሉ ከምድጃው በላይ ጭስ ባለበት እንደሚሰቀል። ሊቁ አንዱንም ሳያስቀር ጻፈው። ሲጨርስ ወደ ላይ ቀና ብሎ ቅሉን አየ።

«እታለም» አለ አስተርጓሚው፣ «ሊቁ ቅሉን ለአሥራ አምስት ቀን ያውሱኝ ይላሉ። መርምረው ይመልሳሉ።»

እናቴ ደጃፉ ላይ የቆሙትን ሁለት አስካሪዎች አየች። እምቢ ማለት እንደማይቻል ገብቷታል። ቢሆንም «ዋስ ይጥራ» አለች።

አስተርጓሚው ከት ብሎ ሳቀ። «መንግሥት ዋስ ይጠራል እንዴ?»

«መንግሥት መቼ አልኩ? ይህ ሰውዬ ነው የምልህ።»

«በሉ እሺ፣ ዋሱ እኔ ነኝ!» አለ እጁን ደረቱ ላይ ጥሎ። «አንዲት ፍሬ ብትጎድል እኔን ያዙኝ!»

ለቀልድ ነው ያለው። ግን ጎረቤታችን ባልቴት እሳት ልትጭር መጥታ በሩ ሥር ቆማ ነበርና ሰምታለች። በእኛ አገር ሰው በሰማበት ዋስ ነኝ ያለ ሰው ቀልድ ነበር ብሎ አያመልጥም።

አሥራ አምስት ቀን ሞላ፣ ሃያ ሞላ። ሐምሌ ገባ። እናቴ ሁለት ጊዜ ምሽጉ በር ድረስ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ዘበኞቹ መለሷት። ማሳችን ታርሶ ለስልሶ ይጠብቃል። ጎረቤቶቻችን መዝራት ጀመሩ። እናቴ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ማሳውን አይታ ትመለሳለች።

ሐምሌ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነጋሪት ተመታ። «ከባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊቅ የመረመሩትን ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ ለሕዝቡ ይናገራሉ! የቀረ ሽፍታ ነው!» ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ባልቴቷ የጣሊያን ደብር ነው ብላ አስረዳችን። ቅዳሜ ሦስታችንም ተነስተን ሄድን። ሕዝቡ ሽፍታ ላለመባል፣ እኛ ለቅላችን።

ከገበያው ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። በላዩ ላይ የአገሩ እህል በየዓይነቱ ተደርድሯል። ከመካከሉ ቅላችን። አንገቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። የምሽጉ ሹም ከጎን ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አስካሪዎች ዙሪያውን ቆመዋል። ሊቁ የጥይት ሣጥን ላይ ወጣ። በእጁ ቀጭን ዱላ ይዟል፤ በዱላው ዛፉ ላይ የተሰቀለ ሥዕል እያመለከተ መናገር ጀመረ። አስተርጓሚው ኩታውን ወደ ኋላ ጣለና ድምፁን አንስቶ ተቀበለ።

«ሊቁ እንዲህ ይላሉ! የዚህ አገር ገበሬ ጤፍ ሲዘራ አብዝቶ ይበትናል! ዘር ያባክናል!»

ከፊት የተቀመጡ፣ በዳኝነት የታወቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጭራቸውን አነሱና «ቆይ» አሉ። «ከሳሹን አየነው። ተከሳሹ የቱ ነው?»

«ክስ አይደለም አባቴ» አለ አስተርጓሚው። «ጥናት ነው።»

«ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ፣ ዱላ ጨብጦ፣ ጥፋታችንን እየቆጠረ፣ ክስ ካልሆነ ምንድን ነው? ደግሞ ዳኛ ሳይሰየም ነገር ይጀመራል እንዴ?»

«እውነት ነው!» አለ ሕዝቡ። «ዳኛ ይሰየም!»

እኛ ሰው በአደባባይ ቆሞ ሲናገር የምናውቀው ወይ ሲሰብክ ወይ ሲሟገት ነው። ይህ ሰውዬ መስቀል አልያዘም። እንግዲህ ምን እንበል? ሽማግሌው ዳኛ ተባሉ፤ ከነጋዴዎቹ ወገን ደግሞ በታማኝነታቸው የሚታወቁ አንድ ሼህ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሊቁ ሁለቱ ወደ ፊት ሲወጡ አይቶ እጅግ ደስ አለው። አክብሮት መስሎታል፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣቸው።

«ጨዋ ተሟጋች ነው» አሉ ዳኛው። «ከተረታ አንድ ጉንዶ ማር ያግባ በለው።»

አስተርጓሚው ወደ ሊቁ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አለው። ሊቁ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ የማሩን ውርርድ ተቀበለ ተባለ።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር፣ እኔም ስስቅ ነበር። ከዚያ ሊቁ ቅላችንን ብድግ አደረገ።

«ይህ ቀይ ጤፍ» አለ አስተርጓሚው፣ «ሊቁ ብዙ መርምረው ያገኙት ነው! ቶሎ ይደርሳል! ዘሩ የሚመረጠው ከማሳው መካከል ነው፣ ከዳሩ አይደለም! ከመዘራቱ በፊት ማሳው በከብት ይረገጣል! ጭስ ያለበት ይሰቀላል! ይህን ሁሉ የደረሱበት በጥናት ነው!»

«እማ» አልኩ፣ «ያንቺ ቃል ነው እኮ!»

«ዝም በይ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አባትሽን አስቢ።»

አስቤያለሁ። ግን ያለበችው ሌላ፣ ቅቤው የሌላ ሲሆን ዝም ማለት አልችልም። ደግሞም ሊቁ ቅሉን መልሶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ከጠረጴዛው ሥር የተከፈተ ሣጥን አየሁ፤ የሌሎቹ እህሎች ቅል ሁሉ እየታሰረ እየገባበት ነው። የሚጭነው ካሚዮንም ከዋርካው ጀርባ ቆሟል። የሚቀጥለው ዓመታችን ሊጫን ነው።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

ገበያው ቀጥ አለ። በርበሬ የምትሰፍር ሴት ስፍሯን እንዳነሳች ቀረች። አስካሪዎቹ ራሳቸው፣ የእኛው አገር ልጆች ናቸውና፣ ባሉበት ደረቁ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው፤ ይህ ቃል ከተጠራ እግር አይንቀሳቀስም። የተንቀሳቀሰው ሊቁ ብቻ ነው፤ ውኃ ጠጣ።

ሰዉን ሰንጥቄ ወጣሁና ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ እንደሚታሰሩት፣ የነጠላዬን ጫፍ ከአስተርጓሚው ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

«ዋሴ ነህ። ይዤሃለሁ።»

«ልቀቂኝ! ሥራ ላይ ነኝ!»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ።»

«ስቀልድ ነው እኮ ያኔ!»

«እኛ አልሳቅንም» አለች ባልቴቷ ከኋላ፣ ማንም ምስክር ሳይጠራት። «አንዲት ፍሬ ብትጎድል ያዙኝ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሹሙ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ አስተርጓሚውን በቁጣ አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው ላቡ በግንባሩ እየወረደ መለሰ። ሹሙ እኔን አየ፣ ቋጠሮውን አየ፣ ከዚያ ሳቀና ተቀመጠ። በኋላ እንደሰማነው፣ አስተርጓሚው በዚህ አገር ወግ ልጃገረድ እንግዳ ስታከብር ነጠላዋን ትቋጥራለች ብሎት ነው። እኔ ልጃገረድም አልነበርኩም፤ ግን ይሁን።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «የማን ልጅ ነሽ?»

ይህ የሙግት ደንብ ነው፤ ሰው አባቱን ሳይጠራ አይሟገትም። እኔ ደግሞ አባቴን ከጠራሁ ሹሙ ስሙን ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ሽፍታ ተብለው በምሽጉ በር ከተለጠፉት ስሞች አንዱ ነው። እናቴ ከሰዉ መካከል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የእናቴ ልጅ ነኝ» አልኩ። «ያቻትና፣ የዘሩ ባለቤት።»

ዳኛው አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ጭራቸውን ወደ ግራ አደረጉ፣ ወደ ቀኝ አደረጉ። «የእናቷ ልጅ መሆኗን አይተናል» አሉ። «ሌላ የሚጠይቅ አለ?»

ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ሐሜተኛ፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ዕድሜ ልኬን ዝምታ አልወድም። የዚያን ቀኑን ግን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ዳኛው ለአስተርጓሚው «እንግዲህ አንተ ተከሳሽ ነህ፤ ተከሳሽ ደግሞ አያስተረጉምም» አሉት።

«እኔ ካላስተረጎምኩ ማን ያስተረጉማል?»

«ይኸው ጉዱ!» አሉ ሼሁ። ሕዝቡ ሳቀ። ሊቁም ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ። ቁጭ ብለው ሁለቱ ዳኞች ተመካከሩና፣ ዋስነቱን ካመነ ያስተርጉም ብለው ፈረዱ። አስተርጓሚው ሹሙን አየ፣ ቋጠሮውን አየ፣ ሰማዩን አየ፤ ዝናቡ ከጮቄ ተራራ በኩል ጠቁሯል። «አምኛለሁ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ቅሉ ተከፈተ። ሲሶው ጎድሏል። እኔ ጮኽኩ። አስተርጓሚው ከሊቁ ጋር ብዙ ተነጋገረ፤ ሊቁ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ቀጥሎ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ከሣጥኑ ውስጥ አምስት የወረቀት ከረጢት ቀይ ጤፍ አውጥቶ እናቴ ፊት አስቀመጠ። የቀረው ባለፈው ሳምንት በካሚዮን ወደ ባሕር ሄዷል አለ።

«እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው» አሉ ዳኛው። «ቅሉ አሁኑኑ ለባለቤቷ ይመለስ። ባሕር የተሻገረው እስኪመለስ ዋሱ ከዋስነቱ አይወርድም። ማሩ ግን ለእንግድነቱ ተትቶለታል። ደግሞም የመጀመሪያው ከሳሽ፣ ሊቁ፣ እዚያው ሣጥን ላይ ቆሞ፣ ያን ሁሉ ከማን እንደሰማው ለሕዝቡ ይናገር።»

እናቴ ከአምስቱ ከረጢት አንዱን አንስታ ለሊቁ መልሳ ዘረጋችለት።

«እማ! ምን ሆነሻል?»

«ይውሰድ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ የሰማኝ ወንድ እሱ ብቻ ነው» አለች። አጠገቧ የቆሙት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው በሳቅ ተንፈቀፈቁ።

ሊቁ ሣጥኑ ላይ ወጣ። ባርኔጣውን እንደያዘ ወደ እናቴ እያመለከተ ጥቂት ቃል ተናገረ። አስተርጓሚውም ከእኔ ጋር እንደታሰረ «ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእኚህ እናት ነው፣ የእኔ አይደለም ይላሉ» አለ። እውነት እንዲያ ብሎ ይሁን፣ ወይስ አስተርጓሚው ከነጠላዬ ለመፈታት ከራሱ አውጥቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ግን ራሷን ቀና አድርጋ ሰማችው። ወዲያው ዝናቡ ወረደና የእህሉ ትርኢት፣ ሹሙም፣ ዳኞቹም ተበተኑ።

ሰኞ ዘራን። ዘሩ ስላነሰ የታችኛውን ማሳ ትተን የላይኛውን ብቻ ነው የዘራነው፤ እናቴ ከወትሮው አሳስታ በተነችው። ጤፉ ጥሩ ያዘ። ሊቁ አብዝታችሁ ትበትናላችሁ ያለው እውነት ሳይሆን አልቀረም። ይህን ለመጻፍ ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ፤ ፍትሕ ግን ለእሱም ነው። ኅዳር ላይ አዝመራው ገባ፣ ቅሉ ሞልቶ ከምድጃው በላይ ተሰቀለ፣ ለአፋችንም ተረፈ።

በጥር አንድ ቀን አስተርጓሚው ብቻውን መጣ። ከበሩ ውጭ ቆሞ «እታለም፣ ከዋስነቱ አውርዱኝ» አለ። «ሰው ሁሉ የጤፉ ዋስ እያለ ይጠራኛል። ገበያ መግባት አቃተኝ።»

እናቴ ልታወርደው ነበር። ልቧ እንዲያ ነው።

«ባሕር የተሻገረው መጣ?» አልኩት እኔ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ከየት አመጣዋለሁ?»

«እንግዲያው አልወረድክም።»

ጣሊያን ከወጣም በኋላ ሽበት አብቅሎ አንድ ጊዜ መጥቷል። ጠላ ቀዳሁለት፣ ተጨዋወትን፣ ስለ ልጃገረዶቹ ወግ አንስተን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አላወረድኩትም። ነፍሱን ይማረውና እንደታሰረ ነው የሄደው።

ይህን ጽፌ ለልጅ ልጄ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ዘር በባሕር ማዶ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቁጥር ተጽፎበት እንደሚቀመጥ ነገረችኝ።

«እንግዲያው አለ ማለት ነው» አልኳት። «ጻፊና ጠይቂያቸው። ዋሱ ሞቷል በያቸው፤ ከሳሿ ግን በሕይወት አለች።»

እሺ ብላለች። ለጅጋ ያዘጋጀችውን ወረቀትም አውጥታ፣ ከላይ የነበረውን የራሷን ስም ወደ ታች አወረደችና ዘሩን ያሳዩዋትን ገበሬዎች ስም አንድ በአንድ ጻፈችበት። ጥሩ ነው። ለማንኛውም ያን ቀን ከፊት ነው የምቀመጠው፤ ነጠላዬንም ለብሼ።